ሴቬ ባሌስቴሮስ፦ እጁ ሳይከዳው የወደቀው ሻምፒዮን

በስፔን ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከሳንታንዴር ከተማ ፊት ለፊት ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ፔድሬኛ የምትባል የገበሬዎችና የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። ከመንደሯ አጠገብ በ1928 የተከፈተ የባለጸጎች የጎልፍ ሜዳ ተንጣሏል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴቬሪያኖ ባሌስቴሮስ ኤፕሪል 9 ቀን 1957 የተወለደው ለዚህ ሜዳ ጎረቤት በሆነ የገበሬ ቤት ነው። አባቱ ባልዶሜሮ ከብት የሚያረቡ፣ መሬት የሚያርሱ፣ በጉብዝናቸው ወራትም በባሕረ ሰላጤው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር የታወቁ ሰው ነበሩ። ታላላቅ ወንድሞቹ የሀብታሞችን የዱላ ከረጢት እየተሸከሙ አድገው ሁሉም የጎልፍ ባለሙያ ሆኑ። አጎቱ ራሞን ሶታ ደግሞ በ1965 በአሜሪካው ማስተርስ ስድስተኛ የወጣ ተጫዋች ነበር።

በዚያ ዘመን የመንደሩ ልጆች ወደ ክለቡ የሚገቡት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ካዲ ሆነው ከረጢት ለመሸከም። በሜዳው መጫወት አይፈቀድላቸውም ነበር። ትንሹ ሴቬ መጀመሪያ የጨበጠው ዱላ፣ ከተጣለ ብረት ላይ እንጨት ተሰክቶ የተሠራ ነበር፤ ኳስ ሲያጣ ጠጠር ይመታ ነበር። በኋላ ወንድሙ ማኑኤል አንድ 3 ቁጥር ብረት ሰጠው። በዚያች ዱላ ቀን ቀን ባሕሩ ሲሸሽ በሚገለጠው እርጥብ አሸዋ ላይ፣ ጨረቃ ስትወጣ ደግሞ ተደብቆ ወደ ክለቡ ሜዳ እየገባ ይለማመድ ጀመር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛልና። የጎልፍ ተጫዋች በከረጢቱ እስከ 14 ዱላ ይይዛል። ኳስ ሩቅ የሚልከው ዱላ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ኳስ ወደ ላይ አጉኖ ቅርብ የሚያሳርፈው ፊቱ የተጋደመ ነው። 3 ቁጥር ብረት ለረጅም ምት የተሠራ፣ ለጀማሪ የማይመከር አስቸጋሪ ዱላ ነው። ልጁ ግን ሌላ አልነበረውም። ከአሸዋ የሚያወጣው፣ በዛፍ አናት የሚያሳልፈው፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ቀስ አድርጎ የሚያንከባልለው በዚያው ነው። ስለዚህ የብረቱን ፊት እያጋደመና እያቀና፣ አንጓውን እያላላና እያጠበቀ፣ ከአንድ ዱላ የ14ቱን ሥራ ማውጣት ለመደ። ያወቀውን ያወቀው በጣቶቹ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቃል እንዲያስረዳ የጠየቀው አልነበረም፤ ቢጠየቅም መልስ የሚኖረው አይመስለኝም።

በ1974 ገና 16 ዓመቱ ሳለ የባለሙያነት ካርዱን አወጣ። በተከታዩ ዓመት በስኮትላንድ ካርኑስቲ ለመጀመሪያ ጊዜ በታላቁ የብሪታንያ ኦፕን ተሰልፎ በጊዜ ተሰናበተ። ዓለም ያወቀው በ1976 ነው። በዚያ ድርቀት በበዛበት የእንግሊዝ በጋ፣ በሮያል በርክዴል ሜዳ፣ ስሙን መጥራት የሚያስቸግር የ19 ዓመት ጎረምሳ ሦስት ቀን ሙሉ መሪ ሆኖ ዋለ። በመጨረሻው ቀን አሜሪካዊው ጆኒ ሚለር በ66 ምት አጠናቅቆ በስድስት ምት ልዩነት አሸነፈው፤ ሴቬ ከጃክ ኒክላውስ ጋር ሁለተኛነትን ተጋራ። ሕዝቡ የወደደው ግን ተሸናፊውን ነው፤ የወደደውም በ18ኛው ጉድጓድ በሠራት ነገር ነው። ኳሷ ከግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር፣ በስተግራ ወድቃ በመካከል ሁለት የአሸዋ ወጥመዶች ነበሩ። ሌላው ሰው ከአሸዋው በላይ አጉኖ ያሳልፋት ነበር። እሱ በሁለቱ ወጥመዶች መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ኳሷን በምድር አንከባልሎ ከጉድጓዱ አጠገብ አደረሳት። ለፔድሬኛ አሸዋ ልጅ ይህ የየዕለት ጨዋታ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መውጣት ፈጣን ነበር። በ1976፣ በ1977ና በ1978 ተከታትሎ በአውሮፓ የዓመቱ የሽልማት ገንዘብ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በ1979 ደግሞ በሮያል ሊትም ሜዳ፣ በ22 ዓመቱ ኦፕንን አሸነፈ። ከ1907ቱ ፈረንሳዊ ከአርኖ ማሲ ወዲህ ከአውሮፓ ዋና ምድር ያንን ዋንጫ ያነሳ ሰው አልነበረም።

የዚያን ቀን የሆነው እስከ ዛሬ ይወራል። መጨረሻው ሊደርስ ሲል በ16ኛው ጉድጓድ ሴቬ ድራይቨሩን፣ ማለትም ረጅሙንና ሩቅ የሚልከውን ዱላ፣ ሰንዝሮ ኳሷን ለመኪና ማቆሚያ በጊዜያዊነት ወደተሰጠ ሜዳ ላካት። ኳሷ የተገኘችው ከቆመ መኪና ሥር ነው። ደንቡ በሚፈቅደው መሠረት ያለ ቅጣት ከመኪናው ፈቀቅ አድርጎ ጣላት፤ ከዚያ ወደ ግሪኑ አንስቶ፣ በአንድ መለስተኛ ግፊት ከጉድጓዱ ከተታት። አብሮት ይጫወት የነበረው የአሜሪካ ኦፕን ሻምፒዮን ሄል ኧርዊን ኳሱን በታጨደው መስመር እየመራ ሲለፋ ውሎ፣ መሄጃ ከሌለው ቦታ ሁሉ በሚወጣ ወጣት ተበለጠ። ሴቬ ኒክላውስንና ቤን ክሬንሾን በሦስት ምት በለጠ።

ጋዜጦች ያንን ድል የድፍረትና የምናብ ድል አሉት። ልክ ናቸው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ሌላ ነገር አያለሁ። በዚያ የመጨረሻ ዙር ሴቬ ድራይቨሩን ሲያነሳ ኳሷ አብዛኛውን ጊዜ ከታጨደው መስመር ውጭ ነበር የምትሄደው። የሚያስቀጣውን ረጅም ምት፣ ከእጁ የሚወጣው አጭር ምት ይክሰው ነበር። ረጅሙ ምት የመላ አካል ሥራ ነው፤ ወገብ እስከ መጨረሻው ተጠማዝዞ እንደ ተወጠረ ጠፍር ሲለቀቅ ነው ኳስ ቀጥ ብላ ሩቅ የምትሄደው። አጭሩ ምት ግን የአንጓና የጣት ነው። ያ ካሳ እስካለ ድረስ የረጅሙ ምት ሕመም ሕመም መሆኑ አይታወቅም። አሸናፊን ማን ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል?

ወገቡ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ደህና አልነበረም። ገና በልጅነቱ በቦክስ ጨዋታ ላይ ወድቆ ጀርባውን መጎዳቱን ራሱ ተናግሯል፤ ሕመሙም በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው አብሮት ይጓዝ ነበር። ሥቃዩን ለማስታገስ እግሩን ወደ ላይ አስሮ ቁልቁል እስከ መንጠልጠል ደርሷል። ለቀጣዮቹ ዓመታት ግን ከሕመሙ ይልቅ ጉልበቱ በረታ።

በ1980 የመጀመሪያው አውሮፓዊ የማስተርስ አሸናፊ ሆኖ በኦገስታ አረንጓዴውን ኮት ለበሰ። በመጨረሻው ቀን ዘጠኝ ጉድጓድ ሲቀረው በ10 ምት ይመራ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ውኃ ውስጥ ከትቶ መሪነቱ ቢመናመንም በአራት ምት አሸነፈ። በ1983 እንደገና ለበሰው። በዚያው ዓመት በአሜሪካና በአውሮፓ መካከል በሚካሄደው ራይደር ካፕ፣ ከአሸዋ ወጥመድ ውስጥ 3 ቁጥር እንጨት፣ ማለትም ለሩቅ ምት የሚያገለግል ዱላ፣ አንስቶ ኳሷን ከ200 ሜትር በላይ ወደ ግሪኑ ጠርዝ ላካት። የአሜሪካው ቡድን አለቃ ኒክላውስ እንኳ በአድናቆት የተናገረለት ምት ነው። አሸዋ ውስጥ ያለን ኳስ በእንጨት መምታት ለሌላው ሰው ከንቱ ድፍረት ነበር።

የ1984ቱ ሴንት አንድሩስ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ቶም ዋትሰን ሦስተኛ ተከታታይ፣ በጠቅላላው ስድስተኛ ኦፕኑን ሊወስድ ከሴቬ ጋር እኩል ለእኩል እየተፋለመ ነበር። ሴቬ በ17ኛው ጉድጓድ ሦስቱን ቀን ሁሉ አንድ አንድ ምት ጥሏል፤ በአራተኛው ቀን ግን ከረጅም ሣር ውስጥ መትቶ ከግሪኑ ላይ አሳረፈና ዳነ። በ18ኛው የገፋት ኳስ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ለአፍታ ያመነታች መስላ ገባች። ቡጢውን ጨብጦ ወደ ሰማይ እየወረወረ ዞረ፤ ያ ምስል በኋላ የሴቬ የራሱ ድርጅት ምልክት ሆኗል። ዋትሰን ከኋላው በ17ኛው ኳሱን ከግሪኑ አሳልፎ መንገዱ ላይ፣ ከድንጋዩ ግንብ ሥር ጥሎት ነበር። አለቀ።

ሰዎች የውድቀቱን መጀመሪያ ሲፈልጉ የሚጠቅሱት 1986ን ነው። በእርግጥ ከባድ ዓመት ነበር። በአሜሪካ ውድድሮች መጫወት የሚገባውን ያህል አልተጫወትክም ተብሎ ለዚያ ዓመት ከአሜሪካው የባለሙያዎች ውድድር ታገደ። በማርች አባቱ ባልዶሜሮ በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ሴቬ ኤፕሪል ላይ እገዳው ወደማይመለከተው ማስተርስ፣ ወደ ኦገስታ የሄደው ድሉን ለአባቱ ሊያበረክት ነው። በመጨረሻው ቀን መሪ ሆኖ 15ኛው ጉድጓድ ደረሰ። ኳሷ በታጨደው መስመር መካከል በጥሩ ሁኔታ ተቀምጣለች፤ ከፊቱ ኩሬ፣ ከኩሬው ማዶ ግሪን አለ። በዚያው ሰዓት የ46 ዓመቱ ኒክላውስ ከወደ ፊት ተአምር እየሠራ ሕዝቡ ይጮኻል። ሴቬ 4 ቁጥር ብረት መረጠ፤ ሰነዘረ፤ ምቱ መሀል መንገድ ላይ የተቋረጠ ይመስል ነበር። ኳሷ ወደ ግራ ታጥፋ ኩሬው ውስጥ ገባች። ኒክላውስ አሸነፈ፣ ሴቬ አራተኛ ወጣ።

በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ኦገስታ ከግሬግ ኖርማንና ከላሪ ማይዝ ጋር እኩል ወጥቶ ወደ መለያ ጨዋታ ገባ። በመጀመሪያዋ ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ገፍቶ ስለከተታት ከውድድሩ ተሰናበተ። ሁለቱ ሲቀጥሉ እሱ ብቻውን ያንን ረጅም ዳገት እያለቀሰ ወደ ክለቡ ቤት ወጣ።

ያ 4 ቁጥር ብረት ሴቬን ሰበረው የሚለው ወሬ ለጆሮ ይጥማል፤ የዓመታቱ ተራ ግን አይደግፈውም። በዚያው በ1986 በአውሮፓ አንዱን ዋንጫ ከአንዱ እየደረበ የዓመቱ አንደኛ ሆኗል። ኤፕሪል 1986 በተጀመረው የዓለም የደረጃ ሰንጠረዥም አንደኝነትን ይዟል፤ በጠቅላላው 61 ሳምንት በዚያ ቦታ ተቀምጧል። በ1985 ከ28 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ላይ የተገኘውን የራይደር ካፕ ድል፣ በ1987 ደግሞ በአሜሪካ ምድር የተገኘውን የመጀመሪያ ድል ከፊት ሆኖ መርቷል። ከወጣቱ የአገሩ ልጅ ከሆሴ ማሪያ ኦላሳባል ጋር ተጣምረው በዘመናቸው ሁሉ ካደረጓቸው 15 ጨዋታዎች 11ዱን አሸንፈው የተሸነፉት በ2 ብቻ ነው። የተሰበረ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ከሁሉም በላይ 1988 አለ። ኦፕን እንደገና ወደ ሊትም ተመለሰ። ዝናብ ቅዳሜን አጥቦ ስለወሰደው የመጨረሻው ዙር ሰኞ ተካሄደ። ኒክ ፕራይስ በሁለት ምት እየመራ ነበር የወጣው፤ ፕራይስም ጥሩ ተጫውቷል። ሴቬ ግን 65 መታ። በዚያው በ16ኛው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከመኪና ሥር በወጣበት ጉድጓድ፣ በዚህ ጊዜ ከታጨደው መስመር 9 ቁጥር ብረት መትቶ ኳሷን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ አቆማት። በሁለት ምት አሸነፈ። በሕይወቱ የተጫወተው ምርጥ ዙር ያ እንደሆነ ተናግሯል። ያን ቀን ረጅሙ ምትና አጭሩ ምት፣ ወገቡና እጁ፣ ተስማምተው ዋሉ።

ይህ አምስተኛው ሜጀር፣ ማለትም ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች የአንዱ ዋንጫ፣ ነው። ዕድሜው 31። ከዚያ በኋላ አንድም ሜጀር አላሸነፈም።

ለምን? ኒክላውስ በ46 ዓመቱ ማስተርስን ሲያሸንፍ አይተናል። ዋትሰን በ59 ዓመቱ፣ በ2009 በተርንቤሪ፣ ኦፕንን ለመውሰድ የመጨረሻዋ ጉድጓድ ላይ ደርሶ ነበር። 31 ዓመት ለጎልፍ ተጫዋች የጉብዝና መጀመሪያ ነው። ነገር ግን ሴቬ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ አገር ለአገር ሲዞር ኖሯል፤ የሰውነቱ ዕድሜ ከመታወቂያው ዕድሜ ቀድሞ ነበር። በ1988 መጨረሻ የባንክ ባለቤቶች ልጅ የሆነችውን ካርመን ቦቲንን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ጉዞው ከቤት የሚለይ ሸክም ሆነበት። በልጅነቱ ከሜዳው የከለከሉትን ሰዎች ሁሉ ለማሳየት የተነሳ ልጅ፣ አሳይቶ ጨርሷል። ይህም የራሱን ድርሻ ሳይወስድ አይቀርም።

ዘመኑም ይቀየር ነበር። በእነዚያ ዓመታት የእንጨቱ ድራይቨር ለብረቱ ቦታውን ለቀቀ። አዲሱ ዱላ ያልተስተካከለ ምትን ይበልጥ ይቅር ስለሚል፣ ኳስን በእጅ ጥበብ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የማጠፍ ችሎታ ዋጋው ቀነሰ። ኃይልና ቀጥታ መስመር ያላቸው ወጣቶች በዙ። በእኔ ግምት ግን ሁለቱ ምክንያቶች ዋናውን፣ ወገቡን፣ አይተኩም።

በ1991 አንድ ጊዜ የተመለሰ መሰለ። በእንግሊዝ ዌንትወርዝ፣ ከኮሊን ሞንትጎመሪ ጋር በተደረገው የመለያ ጨዋታ 5 ቁጥር ብረት ከጉድጓዱ አንድ ሜትር ያህል ላይ አሳርፎ አሸነፈ፤ ዓመቱንም በአውሮፓ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ስድስተኛው ጊዜ ነው። በ1992 የመጀመሪያ ወራት በዱባይና በባሌያሪክ ደሴቶች አሸነፈ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። 1993 አንድም ዋንጫ ሳያነሳ አለፈ።

የዚያ ዓመት ሴፕቴምበር በስዊስ ተራሮች ላይ በክራን ሜዳ የሆነውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የመጨረሻው ቀን ነው፤ ሴቬ በተከታታይ ጉድጓዶች ምት እየቀነሰ መሪውን ባሪ ሌንን ተቃርቦታል። 18ኛው ላይ ድራይቨሩ ከዳው፤ ኳሷ ወደ ቀኝ ርቃ ሄዳ ከአንድ የመዋኛ ገንዳ ግቢ ግንብ ሥር ወደቀች። ግንቡ ከሁለት ሜትር በላይ ነው፤ ከፊቱ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆሟል። ከግንቡ ማዶ ረጃጅም ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን ዝቅ አድርገዋል። ካዲው ቢሊ ፎስተር ወደ ጎን አውጣት፣ አንድ ምት ክፈልና ተገላገል ብሎ ለመነው። ሴቬ ጎንበስ ቀና እያለ ተመለከተ። ከግንቡ ጫፍና ከቅርንጫፎቹ መካከል ሰሐን የምታህል ክፍተት አየ። ካዲው እየተማጸነ ሳለ ዱላውን አጋድሞ መታ። ኳሷ ግንቡን ዘልላ፣ በቅርንጫፎቹ ሥር ሹልክ ብላ፣ ከግሪኑ አጠገብ አረፈች። ከዚያ ሄዶ በአንድ አጭር ምት ከተታት። ፎስተር መሬት ላይ ተንበርክኮ ሰገደለት።

በአንድ ምት ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ።

ይህንን ምት ታላቅነቱ ሙሉ በሙሉ ለመቆየቱ ማስረጃ አድርገው የሚያወሩ ብዙ ናቸው። እጁስ በእርግጥ አልከዳውም። ነገር ግን ከመዋኛ ገንዳ ግንብ ሥር ምን ሊያደርግ ሄደ? በ1979 ከመኪና ሥር የወጣው ሰው ከ14 ዓመት በኋላ ከግንብ ሥር እየወጣ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ካሳው አለመብቃቱ ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ በራይደር ካፕ ድራይቨሩ እንዳልታዘዘው ስላወቀ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንዲያርፍ ራሱ ጠየቀ። ያንን ሰው ከራይደር ካፕ ሜዳ ማስወጣት ከዚያ በፊት የሚታሰብ አልነበረም። አውሮፓም ተሸነፈች።

እናም መድኃኒት ፍለጋ ወጣ። ልቤን የሚያሳዝነኝ የዚህ ታሪክ ክፍል ይኸኛው ነው። ስንፍና ቢሆን ኖሮ መጻፍ ይቀል ነበር፤ ሴቬ ግን ከማንም በላይ ለፋ። ዴቪድ ሌድቤተርን የመሰሉ ስመ ጥር አሠልጣኞች ዘንድ ሄደ። ከአሜሪካዊው ማክ ኦግሬዲ ጋር የሠራው ሥራ ከሁሉም ጠለቀ። ኦግሬዲ የምቱን ሥርዓት ከመሠረቱ አፍርሶ ሊሠራለት ተነሳ። በካሊፎርኒያው ፓልም ስፕሪንግስ በረሃ፣ የአሮጌ ምቱን ፎቶግራፎች ሰብስበው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯቸው። አሮጌው ሴቬ ሞተ፣ አዲሱ ይነሳ ማለታቸው ነው።

የተቀበረው ግን ሕመሙ ብቻ አልነበረም። አሠልጣኞቹ የሚናገሩት ትክክል ነበር፤ ወገቡ እንዳይጎዳ ሌላ አመታት ያስፈልገዋል። ችግሩ ለእሱ የማይሆን መንገድ መሆኑ ነው። በእርጥብ አሸዋ ላይ በጣቶቹ የተማረ ሰው፣ ክንድህ እዚህ ላይ ይድረስ፣ ዳሌህ በዚህ ማዕዘን ይዙር ሲባል ዱላውን በሚያነሳባት ቅጽበት የሚያስበው ብዙ ሆነ። ቀድሞ ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ ነበር የሚያየው፤ አሁን የሚያየው ራሱን ሆነ። አንዱ አሠልጣኝ የተከለውን ሌላው ነቀለ። የታመመውን ረጅም ምት ሳያድኑት፣ ጤነኛ የነበረውን እምነቱን ነኩበት።

አልፎ አልፎ ብልጭታ ነበር። በ1994 በእንግሊዝና በጀርመን አሸነፈ፤ በሜይ 1995 በማድሪድ የስፔንን ኦፕን ወሰደ። 38 ዓመቱ ነበር። በአውሮፓ የባለሙያዎች ውድድር 50ኛው ድሉ ሲሆን፣ የዚያን ያህል ያሸነፈ ሌላ ሰው የለም። የመጨረሻውም ሆነ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በአሜሪካ ኦክ ሂል ሜዳ ራይደር ካፕ ተካሄደ። አርብ ዕለት ከዝምተኛው ዴቪድ ጊልፎርድ ጋር ተጣመረ። ሴቬ የራሱን ኳስ መቆጣጠር አቅቶት ነበር፤ ስለዚህ ጊልፎርድን እያበረታታ፣ የግሪኑን አቀማመጥ እያነበበለት፣ ትከሻውን እየነካ ሁለቱን ለድል አበቃ። እሑድ የቡድኑ አለቃ በርናርድ ጋላከር በነጠላ ግጥሚያ ከሁሉ አስቀድሞ አሰለፈው፤ ተጋጣሚው ቶም ሌማን ነበር። ሌማን ኳሱን በታጨደው መስመር ላይ እያሳረፈ በእርጋታ ይሄዳል። ሴቬ በዛፎች መካከል፣ በረጅም ሣር ውስጥ፣ በሕዝቡ እግር ሥር ኳሱን እየፈለገ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ጥሻ እየወጣ ግጥሚያውን እኩል ሊያደርግ ሲታገል ያየ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ክፉ ረጅም ምትና እንዲህ ያለ ድንቅ አጭር ምት በአንድ ሰው ላይ አላየሁም አለ። ሦስት ጉድጓድ ሲቀር በአራት ተሸነፈ። አውሮፓ ዋንጫውን በ14½ ለ13½ ስትወስድ ሴቬ አለቀሰ። ለራይደር ካፕ ከዚያ ወዲያ ተጫዋች ሆኖ አልተሰለፈም። በ1997 በስፔን ቫልዴራማ የቡድኑ አለቃ ሆኖ በተመሳሳይ ውጤት ድል አደረገ፤ በትንሽ መኪና ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየበረረ ለተጫዋቾቹ ምት እስከ መምረጥ ይደርስ ነበር።

የቀሩትን ዓመታት ረዘም አድርጌ አልተርክም። በየውድድሩ ከሁለት ቀን በላይ መቆየት ተሳነው። ከውድድር አስተዳዳሪዎች ጋር ተጋጨ፤ በ2003 በጣልያን ኦፕን ስለ ዝግታ የተጣለበትን ቅጣት አልቀበልም ብሎ ካርዱን በራሱ ቁጥር በመሙላቱ ተሰረዘ። በ2004 ትዳሩ ፈረሰ። በ2007 ኤፕሪል ሁለት ጊዜ ኮት በለበሰበት በኦገስታ 86ና 80 መትቶ ከሁሉ መጨረሻ ሆነ። በጁላይ ካርኑስቲ ላይ፣ ኦፕንን በጀመረበት ከተማ፣ በ50 ዓመቱ ጋዜጠኞችን ጠርቶ መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። ፍላጎቱ ከውስጡ እንደወጣ ተናገረ።

በኦክቶበር 2008 በማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱን ሳተ፤ በአንጎሉ ዕጢ ተገኘበት። በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሕመሙ መካከል በስሙ ድርጅት አቋቁሞ ለአንጎል ካንሰር ምርምር ገንዘብ አሰባሰበ። ሜይ 7 ቀን 2011 በ54 ዓመቱ በፔድሬኛ ቤቱ አረፈ። በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ ሜዲና ኦላሳባል የመራው የአውሮፓ ቡድን፣ የሴቬ ምስል በከረጢቱ ላይ ታትሞ፣ እሑድ ጠዋት 10 ለ6 እየተመራ ጀምሮ በ14½ ለ13½ አሸነፈ።

ዕጢው ከታወቀ በኋላ፣ ምናልባት ከጥንት ጀምሮ አብሮት ኖሮ ጨዋታውን ያበላሸው እሱ ነው የሚሉ ሰዎች ተነስተዋል። ሐዘን እንዲህ ያለ ምክንያት ይፈልጋል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ሴቬን በ1993 ክራን ላይ፣ በ1995 ኦክ ሂል ላይ ያሳሳተው ምት በ1976ም በ1979ም ያሳሳተው ያው ምት ነው። ያኔ ወገቡ ወጣት ስለነበረ ስሕተቱ ትንሽ ነበር፤ እጁም ትንሹን ስሕተት በቀላሉ ይከፍለው ነበር። በሃያዎቹ ዕድሜው፣ ድሉ ገና ሳይደራረብ፣ አንድ የታመነ ሐኪምና አንድ ታጋሽ አሠልጣኝ ያንን ወገብ ይዘውት ቢሆን፣ ከ1988 በኋላም ሜጀር ያነሳ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከወንድሞቹም፣ ከካዲዎቹም፣ ከሚያጨበጭበው ሕዝብም ማንም ያንን ሕመም አላየውም፤ ኳሷ ከየትም ወጥታ ጉድጓድ ስትገባ ነበር የሚያዩት።